ከኋላ የተጫነ ዕቃ እንደሌለ ቁጠሩት

ባለፈው ክረምት ከጎንደር ስመለስ፣ አዲስ ዘመንን አልፌ ወረታ ሳልደርስ መኪናዬ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። መሽቷል። ዝናቡ የፎገራን ሜዳ ሐይቅ አስመስሎታል። መኪናዋ በቀኝ ጎኗ ተጋድማለች፣ እኔ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ክብደቴ ስላረፈበት ደግሞ አልፈታ አለ። ባትሪ አለኝ፣ መቁረጫ አለኝ፣ ፋሻም አለኝ። ሁሉም ከኋላ፣ ከአንድ ኩንታል ሽንኩርት ሥር! ያወጣኝ መንገደኛ ገበሬ ነው፤ በሩን ወደ ላይ ከፍቶ ቀበቶዬን በማጭድ ቆረጠው።

ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ዕቃ ለመኪናችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። መኪናው ቆሞ ሳለ ቀበቶ እሰሩ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መጀመሪያ በቀኝ ከዚያ በግራ እጅ ብቻ ዙሪያውን ዳብሱ። የበሩ ኪስ፣ በወንበሮቹ መሐል ያለው ሣጥን፣ የወንበሩ ጠርዝ። እጃችሁ የደረሰበት ነው ቦታው።

ከሁሉ በፊት ቀበቶ መቁረጫና መስታወት መስበሪያ በአንድ ላይ ያለው ትንሽ መዶሻ ይቅደም። ሲጋጭ እንዳይወረወር በደንብ አጣብቁት። የምትመቱት የጎን መስታወቱን ነው፣ ያውም ጥጉን። የፊተኛው በመሐሉ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። አንዳንድ አዳዲስ መኪና የጎኑም እንደዚያው ስለሆነ መስታወቱ ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ፦ «ቴምፐርድ» ካለ ይሰበራል፣ «ላሚኔትድ» ካለ በሌላኛው በኩል ፈልጉ። ጣና ዳር ለምንነዳ ደግሞ፣ መኪና ውሃ ውስጥ ከገባ ስልክ መደወል፣ በር መታገል የለም። ቀበቶ መፍታት፣ ውሃው መስታወቱ ላይ ሳይደርስ ዝቅ ማድረግ፣ እምቢ ካለ መስበር፣ ከዚያ ልጆችን አስቀድሞ መውጣት።

በበሩ ኪስ ትንሽ ቦርሳ ይኑራችሁ፦ ጓንት፣ ሁለት ጥቅል ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ። ደም ሲፈስ ጨርቁን ቁስሉ ላይ አድርጎ አጥብቆ መጫን ነው፣ «ቆመ እንዴ» እያሉ ማንሳት አይደለም። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። የደም ዓይነታችሁን፣ የአንድ ዘመድ ስልክና 907ን በወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ክተቱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ስልካችሁ ተቆልፎ ቢገኝ ወረቀቱ ይናገራል።

ባትሪ ግንባር ላይ የሚታሰረውን ግዙ፣ እጅ ነጻ ያደርጋል። ፊሽካም ጨምሩ፣ ድምፅ ቶሎ ይዘጋል። አንጸባራቂ ሰደሪያውን ከመውረዳችሁ በፊት ልበሱት እንጂ ወርዳችሁ አትፈልጉት። ድንጋይና ቅጠል መደርደራችንን አውቃለሁ፣ ግን በጨለማና በዝናብ ቅጠል አያበራም፣ ደግሞ ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ የሚሄደውን ሰው ምን እንደምለው አላውቅም።

የእሳት ማጥፊያው ባለ 1 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። መርፌዋ አረንጓዴው ላይ መሆኗን እያያችሁ፣ በማሰሪያው ጠፍራችሁ አስቀምጡት፤ ተንከባሎ ፍሬን ሥር ከገባ እሱ ራሱ አደጋ ነው። ከኮፈኑ ጭስ ከወጣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰዉን አውርዱ፣ ኮፈኑን ግን በርግዳችሁ አትክፈቱ፣ አየር ሲያገኝ ይንቦገቦጋል።

ግማሽ ሊትር ውሃና አንድ እፍኝ ቆሎ ከጎናችሁ፣ የቀረው ከኋላ ይሁን። በደብረ ታቦር በኩል ስትወጡ ጋቢ፣ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወርዱ ብዙ ውሃ። ፓወር ባንክና ላይተር ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ።

አብሯችሁ የሚሄደውም ቦታውን ይወቅ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና መዶሻውን ታገኘዋለች። ፊሽካውን ግን ልጄ ለኳስ ወስዶብኛል፣ ሌላ ልገዛ ነው።