የፈላስፋን መጽሐፍ ከተከታዮቹ ክርክር ጋር ማንበብ

ድሬዳዋ ላይ ለንባብ የሚመቸው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። እኛም ከዚራ ከዛፎቹ ሥር የምንሰበሰበው በዚያ ሰዓት ነው። የጥንት ፈላስፋ ስታነቡ መጽሐፉን ብቻውን አትያዙት፤ በእርሱ የተነሣ የተጣሉትንም ሰዎች አብራችሁ ጥሯቸው።

በመጀመሪያ አንድ አከራካሪ ቦታ ብቻ ምረጡ። እኔ የማቀርበው «ቲማዮስ» የተባለውን የፕላቶን መጽሐፍ ነው። እዚያ ዓለም ጅማሬ እንዳለው፣ ሠሪውም ከትርምስ ወደ ሥርዓት እንዳመጣው ይነገራል። ክፍሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡና ቡድኑን ለሁለት ክፈሉ።

አንደኛው ወገን የአሪስቶትልን ሙግት ይያዝ፦ ጽሑፉ የሚለው የተጻፈውን ነው፤ ተጀምሮ ለዘላለም የማይጠፋ ነገር ግን ሊኖር አይችልም። ሁለተኛው ለክሴኖክራጥስ ይሟገት። እርሱ አካዳሚ የተባለውን የፕላቶን ትምህርት ቤት የመራ ሰው ነው። መምህራችን ጅማሬን ያነሣው ለማስተማር ሲል ነው ይል ነበር፤ የጂኦሜትሪ መምህር ሥዕሉን መስመር በመስመር እንደሚሠራው ማለት ነው። በአንድምታ ትርጓሜ ያደገ ሰው ሁለቱን «አንድም» እያለ ጎን ለጎን ያኖራቸው ነበር። እነዚያ ግን አልታረቁም። ከ400 ዓመት በኋላ እንኳ የፕላቶን ተከታይ የነበረው ፕሉታርክ ጽሑፉ እንደ ቃሉ ይነበብ ብሎ ተከራከረ፤ ማስረጃውንም ያመጣው ከራሱ ከፕላቶን ነው። «ሕግጋት» የተባለው የፕላቶን መጽሐፍ ነፍስ ከአካል ትቀድማለች ይላል፤ ዓለም ጅማሬ ከሌለው ይህ መቅደም ምን ትርጉም ይኖረዋል? እኔ ለፕሉታርክ አደላለሁ። ክሴኖክራጥስ መምህሩን ከትችት ለማዳን የቸኮለ ይመስለኛል።

ክርክሩ ሲግል ስለ ቅጂው ጠይቁ። የፈላስፋው የኤፒኩረስ ተከታይ የሆነው የላኮኒያው ድሜጥሮስ የኤፒኩረስን መጻሕፍት ቅጂዎች እያነጻጸረ የገልባጭ ስሕተት ይፈልግ ነበር። ግሩም ሥራ ነው፤ ነገር ግን መምህሩ ባሳፈረ ቁጥር ገልባጩን መክሰስም ቀላል ነው። ሌላ ቅጂ ወይም ሌላ ትርጉም ላላቀረበ ሰው ይህን ማምለጫ አትፍቀዱለት።

የሚያሳፍረውን ክፍል እንዝለለው የሚል ሰው አይጠፋም። ለእርሱ የአቴኖዶሮስን ታሪክ ንገሩት። ይህ እስጦይክ ከሚባለው የፍልስፍና ትምህርት ቤት የሆነ ሰው የጴርጋሞን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳለ ከዚያው ትምህርት ቤት መሥራች ከዜኖ መጻሕፍት ያልወደደውን ቆርጦ አወጣ፤ ኋላም ተደረሰበትና የተቆረጠው ወደ ቦታው ተመለሰ። ያልተስማማችሁበትን በእርሳስ ከኅዳጉ ላይ ጻፉት፤ ከአጠገቡም የተቃዋሚውን ስም አኑሩ።