ባሕር ዳር የጠዋት ከተማ ናት፦ እንግዶቼ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር መኖር ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቴ ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ አካባቢ ነው። ክረምት ከበጋ እንግዳ አይጠፋም። የዘመድ ልጅ፣ አዲስ ሙሽሮች፣ ለስብሰባ የመጣ የድሮ የክፍል ጓደኛ። ሁሉም ከመምጣታቸው በፊት ይደውላሉ። «የት እንረፍ? ምን እንይ?» እመክራለሁ። «እሺ» ይላሉ። ከዚያ ያሰቡትን ያደርጋሉ። ማታ በፀሐይ ተለብልበው ይመጡና «ምነው ሳትነግረን?» ይሉኛል።

ስህተቱ ብዙ ይመስላል እንጂ ምንጩ አንድ ነው። እንግዳው አርፍዶ ይነሣል፣ ቁርሱን ያጣጥማል፣ ከምሳ በኋላ መውጣት ያምረዋል። ባሕር ዳር ግን የጠዋት ከተማ ናት። የምታድሩበትም የምትጎበኙትም በዚህ ይወሰናል።

«ሐይቁን የሚያሳይ ክፍል ያዝልን»

ሁሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው። አልፈርድባቸውም። ጣና ድረስ መጥቶ ጣናን ሳያዩ መተኛት ይከብዳል። ችግሩ «ሐይቅ ያሳያል» የሚለው ቃል ሆድ ሰፊ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ጋ መጋረጃውን ስትገልጡ ውኃው እግራችሁ ሥር ነው። አንዳንዱ ጋ በሁለት ሕንፃ መካከል መቀነት የምታክል ሰማያዊ ነገር ትታያለች። አንድ ጊዜ ለወንድሜ አማቾች በስልክ ክፍል ያዝኩ። «ሐይቅ ያሳያል ወይ?» አልኩ። «አዎ» አሉኝ። ደርሰን መስኮቱን ስንከፍት ከፊታችን ያለው ጄኔሬተር ነው። ሐይቁ የሚታየው ሰገነቱ ላይ ሲወጣ ነበር። ያን ሌሊት ደግሞ መብራት ጠፋ። ቀሪውን አስቡት።

ስለዚህ ስትደውሉ «ሐይቅ ያሳያል ወይ» አትበሉ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት፣ ጄኔሬተሩ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። የክፍሉን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ማድረግም ነውር የለውም።

የኔ ምክር ሌላ ነው። ማታ ሐይቁ ጨለማ ነው። ጠዋት ደግሞ ክፍል ውስጥ መገኘት የለባችሁም። ታዲያ የምትከፍሉት ለየትኛው ሰዓት ነው? መሐል ከተማ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ሳትርቁ እደሩ። ወደ ጀልባዎቹ በእግር ትደርሳላችሁ። ሐይቁን ደግሞ ዳሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ሻይ ዋጋ ታዩታላችሁ። ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ የሆነ ማረፊያ ሌሊት በማኅሌትና በቅዳሴ ድምፅ ያነቃል። ለአክስቴ በረከት ነበር። ለወንድሜ አማቾች አልነበረም። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ አጎበር። የአዲስ አበባ ሰው ወባን የቆላ በሽታ ብቻ አድርጎ ያስባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ አለ። በተለይ ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ። አልጋው አጎበር ከሌለው አምጡልኝ በሉ። ማፈር አያስፈልግም።

«ከምሳ በኋላ ገዳም እንሄዳለን»

አትሄዱም። ወይም ትሄዱና ትጸጸታላችሁ።

ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ለጥ ይላል። ከሰዓት ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉ ይመጣል። ገዳማቱ ያሉበት ዘጌ የሚባለው ልሳነ ምድር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጠዋት ያን አንድ ሰዓት ወፍ እያያችሁ፣ ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው ሰላም እያላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ከሰዓት ደግሞ የጀልባውን ጠርዝ ይዛችሁ፣ ውኃ በፊታችሁ እየተረጨ፣ ዳዊት እየደገማችሁ። ጀልባ ነጂዎቹ ራሳቸው ይህን ይነግሯችኋል። ማታውኑ ተነጋግራችሁ እደሩና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፤ ካለም ለብሳችሁት እንጂ ተቀምጣችሁበት አይደለም።

ሌላው ስህተት ስስት ነው። ጣና ላይ ሠላሳ ሰባት ደሴት አለ ሲባል የሰማ ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ያምረዋል። ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ሐይቁ መሐል፣ በደቅ ደሴት በኩል ናቸው። መሄጃው ብቻ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እነሱን ከዘጌ ጋር በአንድ ቀን ማጣመር ጀልባ ላይ መዋል እንጂ ገዳም ማየት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ዘጌ ይበቃዋል። ከዘጌም ሁለቱን ብቻ እዩ፦ ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን። በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ትሄዳላችሁ። ኡራ ገብታችሁ በመቅደሱ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ቀስ ብላችሁ ተመልከቱ። ካህኑን ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ሥዕል ታሪክ አለው። እንግዶቼ አሥር ደቂቃ ፎቶ አንስተው «ቀጥሎስ?» ሲሉኝ ንድድ ይለኛል። ነጠላና ዝርዝር ብር መያዝ አትርሱ።

ሴቶች የማይገቡበትን አለመጠየቅ

ይህ የራሴ ስህተት ነው። አክስቴ ከጎንደር መጣች። ነጭ ለብሳ፣ ለስለቷ ጧፍ ይዛ። ክብራን ገብርኤል ለከተማው ቅርብ ነው ብዬ ወሰድኳት። ጀልባው ሲጠጋ ነጂው ዞር ብሎ «እናቴ፣ እዚህ ሴት አይገባም» አላት። እኔን አየችኝ። ምን ልበል? የኖርኩበት ከተማ ነው። ጧፉን ተቀብዬ እኔ ገባሁ፤ እሷ ጀልባው ላይ ቀረች። ስንመለስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወስጃት ነው የታረቅነው።

ክብራንና ዳጋ ለወንዶች ብቻ ናቸው። እናት፣ እህት ወይም ሚስት ይዛችሁ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን ጎን ነው፤ ሴቶችም ይሳለማሉ።

ጢስ ዓባይን በሚያዝያ መጠበቅ

ፎቶው ላይ ያለው ፏፏቴ ውሸት አይደለም። ግን የክረምት ፎቶ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ በበጋ ብትሄዱ የምታዩት ጥቁር ገደልና በጎኑ የምትወርድ ቀጭን ውኃ ሊሆን ይችላል። ከፏፏቴው በላይ ውኃው ለኤሌክትሪክ ይጠለፋል። የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ፏፏቴውን ይበልጥ ያሳሳው ግን በ1990ዎቹ የተጨመረው ሁለተኛው ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ደግሞ ውኃውን የሚወስደው ከራሱ ከሐይቁ ነው። እንግዶቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ውኃውን እኔ የጠጣሁባቸው ይመስል ይኮሳተራሉ።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ኑ። ያኔ ጭጋጉ ልብስ ያርሳል። ስትሄዱም በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የአላታ የድንጋይ ድልድይ ረግጣችሁት ብቻ አትለፉ። ቁሙና እዩት። በበጋ የመጣ ሰው ጉዞውን የሚያካክስለት እሱ ነው።

«የዓባይን ምንጭም አሳየን» የሚሉም አሉ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ እዚሁ ታዩታላችሁ። ምንጩ ግን ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። እሱ የራሱን ቀን ይፈልጋል። ጎርጎራም እንደዚሁ፦ በሐይቁ ሰሜን፣ በጎንደር በኩል ነው፤ «እግረ መንገዳችንን» የሚባል አይደለም።

«ልጆቹ ትንሽ ይዋኙ»

አይዋኙ። ውኃው ቢልሃርዚያ አለበት። ዓባይ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ።

ዓሣን ለእራት ማቆየት

ዓሣው የሚወጣው ጠዋት ነው። ምሳ ላይ ብሉት። «ዓሣ» ብቻ ብላችሁም አትዘዙ፤ ቆሮሶ ነው አምባዛ ብላችሁ ጠይቁ። ጥብሱ ለቆሮሶ ነው። አምባዛን እኔ አልወደውም፤ ባለቤቴ ግን ከእሱ ሌላ ዓሣ አለ ብላ አታምንም።

ቀኑን ሳያዩ መነሣት

ጥምቀት ሰሞን አልጋ የለም። ጥር በሙሉ ሰርግ ነው። የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሲሆን ደግሞ ወላጅ ከየአገሩ ይጎርፋል፤ በተለይ በፔዳና በፖሊ ግቢዎች አካባቢ ክፍል ማግኘት ዕድል ነው። እኔ ራሴ ሳሎኔን ለማላውቃቸው ሰዎች ለቅቄ አውቃለሁ። እነዚህን ቀኖች ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ካልፈለጋችሁ ሽሹዋቸው። ቅዳሜ ግን እዚህ ሁኑ፤ ገበያው የሚደምቀው ያን ቀን ነው።

መንገዱንም ጠይቁ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የክልሉ መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት፣ አንድ ሳምንት ዝግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከመነሣታችሁ በፊት በዋዜማው ሳይሆን በዚያው ዕለት ከተማው ውስጥ ላለ ሰው ደውሉ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ አቅም ካለ እሱ ይሻላል። የጠዋቱን በረራ ይዛችሁ ብትመጡ እንኳ ያን ቀን ሐይቅ አትግቡ። ዕረፉ፣ ዓሣችሁን ብሉ፣ አመሻሽ ላይ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታችሁ ዓባይን ከላይ እዩት፣ በጊዜ ተኙ። ጀልባው 1 ሰዓት ላይ ነው።