የያሪሳችንን የፊት መብራት እንዴት አደመቅሁት

እናቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርብ ከሥራ ወጥተን፣ ልጆቹን ይዘን ለገጣፎን እስክናልፍ ይመሻል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጨለማ ነው። አህያ ይገባል፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ይሻገራል፣ የተበላሸ አይሱዙ ከኋላው ድንጋይ ተደርድሮለት አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። የእኛ ቶዮታ ያሪስ መብራት ደግሞ ኩራዝ ነበር።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ከአንድ መለዋወጫ ሱቅ 100/90 ዋት የሚል አምፖል ገዛሁ። ሻጩ "እህቴ፣ ሌሊቱን ቀን ያደርግልሻል" አለኝ። አልዋሸም፣ ለሁለት ጉዞ አደረገው። በሦስተኛው ሸኖ ሳንደርስ ልጄ "እማዬ፣ ላስቲክ ይሸታል" አለች። ኮፈኑን ስከፍት የግራው ሶኬት ቀልጦ ከአምፖሉ ጋር ተጣብቋል። በአንድ ዓይን ደብረ ብርሃን ገባን።

ለምን ቀለጠ? የዚህ መኪና አምፖል ኤች 4 የሚባለው የሃሎጅን ዓይነት ነው። ውስጡ ሁለት ክር አለ፤ ቅርብ ለሚያሳየው ለአጭሩ መብራት 55 ዋት፣ ሩቅ ለሚያሳየው ለረጅሙ 60። 60 ዋት በ12 ቮልት ወደ 5 አምፔር ይስባል። 100 ዋት ከ8 በላይ ይስባል። ሽቦውና ሶኬቱ የተሠሩት ለ5ቱ ነው። ከዚያ በላይ ሲያልፍባቸው ይግላሉ።

ከዚያ በኋላ ከአምፖሉ አልጀመርኩም። የጀመርኩት ከሽፋኑ ነው።

የመብራቱ ሽፋን መስታወት አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ፀሐይ ቢጫ ያደርገዋል። የእኛ መኪና ሽፋን የሻይ ብርጭቆ ይመስል ነበር። ዙሪያውን ያለውን ቀለም በፕላስተር ሸፍኑ። ባለ 800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ፈትጉት፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000። በመጀመሪያው ፍትጊያ ሽፋኑ ጭራሽ ነጭ ሆኖ ይደበዝዛል፤ እኔ "አበላሸሁት" ብዬ ነበር፣ አትደንግጡ። በመጨረሻ በፖሊሽ አሹት። ጠርቶ ይወጣል። ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ፀሐይ የሚከላከል ቀለም አልባ ቫርኒሽ ካልቀባችሁት ከወራት በኋላ ተመልሶ ቢጫ ነው። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሏችሁን ተዉአቸው፤ ለሳምንት ያምራል፣ በቃ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። ዋናው ምስጢር ያለው እዚህ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ፣ መብራቱን አብርታችሁ በቴስተር፣ ማለትም በቮልት መለኪያ፣ ባትሪው ላይ ለኩ። ከዚያ አምፖሉ ሶኬት ላይ ለኩ። እኔ ባትሪው ላይ 14.1 ቮልት፣ አምፖሉ ጋ 12.3 አገኘሁ። የቀረውን አሮጌው ሽቦ፣ ማብሪያውና የዛገው መጋጠሚያ በልተውታል። ሃሎጅን አምፖል ደግሞ ቮልት ሲጎድልበት ያኮርፋል፦ ቮልቱ 10 በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አምፖል ብትገዙለትም ያው ረሃብተኛ ነው።

መድኃኒቱ ሪሌ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትንሽ ማብሪያ ነው። ሪሌው የድሮውን ሽቦ ለትእዛዝ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ ያመጣል። አንድ ሪሌ ለአጭሩ፣ አንድ ለረጅሙ። ከሥሩ ቁጥሮች አሉ፦ 30 ከባትሪ የሚመጣው፣ 87 ወደ አምፖል የሚሄደው፣ 85 እና 86 ደግሞ የትእዛዙ ሁለት ጫፎች። ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ለእያንዳንዱ ሪሌ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። ፊውዙን ራቅ አድርጋችሁ ካሰራችሁት፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ቦዲ ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም፤ ይነዳል። የአምፖሎቹን ኔጋቲቭም ቀለሙ ተፍቆ ንጹህ ብረት ላይ እሰሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ ቶዮታዎች የመብራት ማብሪያው የሚያቋርጠው ኔጋቲቩን ነው። ከነሪሌው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የሽቦ ስብስብ ግን ብዙውን ጊዜ ፖዘቲቭ ይቋረጣል ብሎ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ስትሰኩት ምንም አይበራም። ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ መብራቱን አብርታችሁ ሦስቱን ቀዳዳዎች ከቦዲ ጋር ለኩ። አጭር ላይም ረጅም ላይም 12 ቮልት የሚያሳይ አንድ ቀዳዳ ካለ፣ የእናንተ መኪና የሚያቋርጠው ኔጋቲቩን ነው። እኔ ይህን ሥራ ለኤሌትሪሺያን ሰጠሁ፣ አጠገቡ ግን ቆሜ። "ባለቤትሽ የለም?" ብሎኝ ነበር፤ የ87ቱን ሽቦ ወደ 85 ሲወስደው ሳስቆመው መጠየቁን ተወ።

አምፖል መቀየሩ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። መብራቱን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ። በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ሶኬቱን ወደ ኋላ ሳቡ፣ የጎማ ኮፍያውን አውልቁ፣ የሽቦ ስፕሪንጉን ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። አዲሱን ስታስገቡ መስታወቱን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ከመጠን በላይ ይሞቅና አምፖሉ ቶሎ ይሞታል። ከነካችሁት በአልኮል ጥረጉት። ሦስቱ ጆሮዎች በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚገቡት፣ እምቢ ካለ አታስገድዱት። ኮፍያውን በደንብ መልሱ፣ አለዚያ ውሃ ይገባል።

የትኛውን አምፖል? ዋቱ ያው 60/55 ሆኖ፣ በክብ ውስጥ ኢ የሚለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ያለበትን። ፊሊፕስም ኦስራምም በዚያው ዋት የበለጠ የሚያበሩ አላቸው፤ ዕድሜያቸው ግን ያጥራል። ሰማያዊ የተቀባውን እርሱት፣ ቀለሙ ብርሃኑን ያፍነዋል። ኤልኢዲስ? ጎረቤቴ አስገብቷል፣ ግድግዳው ላይ ሲታይ ያስቀናል። ነገር ግን የያሪስ መብራት ውስጥ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው የአምፖሉ ክር ለሚቀመጥባት ነጥብ ነው። ኤልኢዲው ያችን ነጥብ አይመታም፣ ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ይታወራል። የታወረ ሾፌር ደግሞ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

በመጨረሻ ማስተካከል። ጎማው ልክ አየር ይኑረው፣ ሾፌር ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቁ። የአምፖሉን ከፍታ ከመሬት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አስምሩ፣ ከሥሩ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ወረድ ብላችሁ ሌላ መስመር። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ የታችኛው መስመር ላይ መተኛት አለበት፤ በቀኝ በኩል ብቻ ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ነው። ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ አዙሩ።

ይህን ስታደርጉ መሪው አጠገብ ያለው፣ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት የመብራቱ ዝቅ ማድረጊያ ማዞሪያ 0 ላይ ይሁን። እኔ ስሄድ 0 ላይ አደርገዋለሁ። ስመለስ ኋላው በእናቴ በሶና ባቄላ ተጭኖ የመኪናዋ አፍንጫ ሽቅብ ስለሚያይ፣ ደብረ ብርሃንን ሳልለቅ 2 ላይ አዞረዋለሁ።