ወደ ፊውዥን ማግኔት ከመግባታችሁ በፊት፦ የሱፐርኮንዳክተር ቴፕ እንዴት ይለካል?

የፊውዥን ማግኔት፣ ማለትም አተሞች ተዋህደው ኃይል የሚሰጡበትን የጋለ ጋዝ (ፕላዝማ) በመግነጢሳዊ መስክ አፍኖ የሚይዝ ማግኔት፣ ምርምር ውስጥ መግባት ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። ኮይል ከመጠምጠማችሁ በፊት አንድ አጭር የሱፐርኮንዳክተር ቴፕ (በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፍ) መለካትን በደንብ ልመዱ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቴስላ፣ ማለትም ስለ መግነጢሳዊ መስክ መለኪያው ነው፤ አይፈረድበትም። ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ መግነጢሳዊ መስኩን እጥፍ ብታደርጉት ከፕላዝማው የሚገኘው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። በ2021 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲና የኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ ኩባንያ ቡድን በ20 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) የቀዘቀዘ ትልቅ ማግኔት 20 ቴስላ ሲያደርስ ያ ሁሉ ደስታ የነበረውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ለጀማሪ ከቴስላው በፊት ማይክሮቮልቱ (የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ) ይቅደም እላለሁ።

ያ ማግኔት የተጠመጠመው ሬብኮ በሚባል የሱፐርኮንዳክተር ቴፕ ነው። ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፈው ንብርብር ግን 1 ወይም 2 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። በርዝመቱ ሲጎተት ይችላል፤ ሲላጥ ግን ንብርብሮቹ በቀላሉ ይለያያሉ። ስለዚህ አታጣጥፉት፣ በጥፍር አትነካኩት፣ ሱፐርኮንዳክተሩ በየትኛው ፊት በኩል እንዳለም ምልክት አድርጉበት።

አራት ሽቦ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱ ወፍራሞች ጫፍና ጫፉ ላይ ሆነው ከረንቱን ያስገባሉ፤ ሁለቱ ቀጫጭኖች መሃል ላይ ቮልቴጅ ብቻ ያነባሉ። ቀጫጭኖቹን ከወፍራሞቹ መገጣጠሚያ ራቅ አድርጓቸው፣ አለዚያ የምትለኩት ቴፑን ሳይሆን ብየዳውን ነው። ብየዳውን በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ሊድ ቶሎ ጨርሱት። ሙቀት ከበዛ ከንብርብሩ ውስጥ ኦክስጅን ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ከወጣ ቴፑ አለቀለት።

ቀጥሎ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ 77 ኬልቪን። መነጽርና ሰፋ ያለ ጓንት አድርጉ፣ ክፍሉም አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ይሁን። 1 ሊትር ፈሳሽ ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ ሽታ ስለሌለው ኦክስጅን ሲያንስ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ቴፑን ቀስ ብላችሁ አጥልቁትና መንተክተኩ ጋብ እስኪል ጠብቁ።

አሁን ከረንቱን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ በየደረጃው ንባቡ እስኪረጋጋ ቆም በሉ። ዜሮ ላይ እንኳ ጥቂት ማይክሮቮልት ልታዩ ትችላላችሁ፤ ከሽቦዎቹ የሙቀት ልዩነት የሚመጣ ስለሆነ መዝግባችሁ ቀንሱት። ለብዙ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ንባቡ መነሳት ይጀምራል። የተለመደው መስፈርት በሴንቲ ሜትር 1 ማይክሮቮልት ነው፤ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች በ5 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ 5 ማይክሮቮልት ላይ ያለው ከረንት የቴፑ ወሳኝ ከረንት፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክተርነቱን ሳያጣ የሚሸከመው ጣሪያ፣ ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ በእጃችሁ አትተማመኑ፣ የኃይል ምንጩ ራሱ እንዲቆርጥ አስቀድማችሁ አስተካክሉት። ቮልቴጁ ከከረንቱ ጋር የሚወጣበትን ኩርባ ሽቅብታ የሚገልጸው ኤን የሚባለው ቁጥር 30 ከሆነ፣ ከረንቱ በ5 በመቶ ብቻ ሲጨምር ቮልቴጁ ከ4 እጥፍ በላይ ይሆናል።

አውጡት፣ ይሙቅ፣ እንደገና ለኩት። ቁጥሩ ከወረደ ቴፑ ተጎድቷል፤ አያያዛችሁን ፈትሹ። ጥሩ ቁጥር ቢመጣም ታዲያ በ77 ኬልቪን የተገኘ ውጤት በ20 ኬልቪንና በ20 ቴስላ ምን እንደሚሆን በቀጥታ አይነግራችሁም። መስኩ ቴፑን የሚመታበት አንግል ራሱ ውጤቱን በጣም ይለውጠዋል፣ ስለዚህ ሙቀቱን፣ መስኩንና አንግሉን ያልያዘ ቁጥር አትመዝግቡ።

ሁለት ቴፖች የሚገናኙበት መገጣጠሚያም በዚሁ ዘዴ ይለካል። 1 ናኖኦም (የኦም አንድ ቢሊዮንኛ) ተቃውሞ ብቻ ያለው መገጣጠሚያ 40,000 አምፒር ሲያልፍበት 1.6 ዋት ያሞቃል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ20 ኬልቪን ያንን ሙቀት ለማውጣት ማቀዝቀዣው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ መገጣጠሚያው ደግሞ አንድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልምምድ የሚፈተነው ኩዌንች ላይ ነው፣ ማለትም የኮይሉ አንድ ቦታ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ሲያጣ። ከኒዮቢየም በሚሠሩት ሌሎቹ የሱፐርኮንዳክተር ሽቦዎች ትኩሱ ቦታ በሴኮንድ ሜትሮችን እየተጓዘ ስለሚሰፋ ቮልቴጁ ቶሎ ይታያል። ሬብኮ ላይ ግን መስፋፋቱ በጣም ዝግ ያለ ነው፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል፣ እናንተ ገና ጥቂት ሚሊቮልት እያያችሁ ቴፑ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የኮይሉን ጫፍና ጫፍ ብቻ አታንብቡ። በየክፍሉ የማንበቢያ ሽቦ አስገቡና ተመሳሳይ ክፍሎችን እርስ በርስ አቀናንሱ፤ ከረንቱ ሲለዋወጥ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ይጣፋል፣ የሚቀረው የተቃውሞው ብቻ ይሆናል።