የውጭ ዜጋ በሥራ ፈጣሪነት የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ፦ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ማመልከቻ ውድቅ ሲደረግ በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ምክንያት ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን ነው። «በቂ ገንዘብ የለዎትም» የተባለ አመልካች ገንዘቡ ከሚፈለገው በላይ ሊሆን ይችላል፤ የጎደለው ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው ወረቀት ነው። ያንኑ ፋይል ጥቂት ገጽ ጨምሮ መልሶ ማስገባት ሁለተኛ ክልከላ ያስከትላል። ከታች ያሉት መጠኖች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ በሚያመለክቱበት ሰሞን ከመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ገጽ ያመሳክሯቸው።

ድርጅቱ ተመዝግቧል፣ ፈቃዱ ግን አልተሰጠም

ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ድርጅት የሚመዘግበው አንድ መሥሪያ ቤት፣ በአገሩ መኖርን የሚፈቅደው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አያስገድድም። ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት በኢስቶኒያ የኢ-ሬዚደንሲ ካርድ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ካርድ ከሩቅ ሆኖ ሰነድ ለመፈረምና ድርጅት ለመክፈት ያገለግላል፤ ለመግባትም ሆነ ለመኖር አያገለግልም። እዚያው አገር በንግድ ምክንያት የመኖሪያ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በድርጅቱ ውስጥ 65,000 ዩሮ፣ በግል ነጋዴነት ከሆነ 16,000 ዩሮ ማዋል ይጠበቅበታል።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ የፈቃዱን ዓይነት ይለዩ፣ ከዚያ የሚጠይቀውን የድርጅት ዓይነት ያቋቁሙ። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ በሚያስቆየው የሸንገን (ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግል) ጉብኝት ቪዛ ገብቶ እዚያው ወደ መኖሪያ ፈቃድ ለመቀየር ማሰብ ለአብዛኛው አመልካች አያዋጣም፤ የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛ ከሚኖሩበት አገር ሆነው ይጠይቁ። ቢሮ መከራየት ግዴታ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ «ፈቃዱ ካልተገኘ የኪራይ ውሉ ይፈርሳል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ።

«የገንዘብ አቅም አልተረጋገጠም»

ብዙ ፋይል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ መነሻው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ከማመልከቻው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከገባ መርማሪው ተበድሮ ለማሳያ የተቀመጠ አድርጎ ያየዋል። መፍትሄው ሰንሰለቱን ማሳየት ነው። ገንዘቡ ከቤት ሽያጭ የመጣ ከሆነ የሽያጩ ውል፣ የተከፈለው ግብርና ገንዘቡ የገባበት የባንክ ስቴትመንት አብረው ይቅረቡ። ስጦታ ከሆነ የሰጪው ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ የሰጪው ስቴትመንትም ያስፈልጋል። ጎላ ያሉ ገቢዎችን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያውጡ፦ ቀን፣ መጠን፣ ምንጭ፣ ማስረጃው የሚገኝበት ገጽ። ሰንጠረዡን ማንም አይጠይቅዎትም፣ ግን የመርማሪውን ጥርጣሬ እንደሱ የሚያረግብ ነገር የለም።

ሁለተኛው መነሻ የመኖሪያ ወጪና የሥራ ካፒታል መደባለቁ ነው። ስዊድን ለአመልካቹ 200,000፣ ለትዳር ጓደኛ 100,000፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 50,000 ክሮና ትጠይቃለች። ይህ ለኑሮ ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ቢያመለክቱ 400,000 ክሮና ይሆናል፤ ድርጅቱን ለመግዛት ወይም ለማንቀሳቀስ የሚወጣው ከዚህ ውጭ ነው። ሁለቱን በተለያየ ሒሳብ ማስቀመጥ ክርክሩን ያስቀራል።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው። በብሪታንያ ኢኖቬተር ፋውንደር ቪዛ (አዲስ ሐሳብ ይዘው ድርጅት ለሚመሠርቱ የሚሰጥ) የሚጠየቀው 1,270 ፓውንድ ለ28 ተከታታይ ቀን ሳይጎድል መቀመጥ አለበት፣ 28ኛው ቀንም ከማመልከቻው በፊት ባሉት 31 ቀናት ውስጥ መዋል አለበት። ለአንድ ቀን ብቻ ዝቅ ቢል ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ገንዘቡ በሌላ ምንዛሪ ከተቀመጠ ልኩን ሳይሆን አሥር በመቶ ያህል ትርፍ ይያዙ።

የቢዝነስ ፕላኑ «ለአገሪቱ ጥቅም አያመጣም» ተባለ

ፕላኑ ተጽፎ የነበረው ለባንክ ወይም ለባለሀብት ይሆናል። የኢሚግሬሽን መርማሪ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ አገሩ ምን ያገኛል? ሆላንድ በራሱ ሥራ የሚተዳደርን አመልካች የምትመዝነው በሦስት ዘርፍ ነው፤ የግል ልምድ፣ የሥራ ዕቅድና ለኢኮኖሚው የሚጨመር እሴት። እያንዳንዱ 100 ነጥብ ይይዛል፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 30 ማግኘት ግድ ነው። በልምድ 80 አግኝቶ በእሴቱ 20 ያገኘ ይወድቃል፤ የአንዱ ብልጫ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም። (4,500 ዩሮ ብቻ ይበቃል የሚለው ወሬ የአሜሪካና የጃፓን ዜጎች በስምምነት ያገኙት መብት እንጂ ለሁሉም የሚሠራ አይደለም።)

በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 21 የሚታዩት የኢኮኖሚ ጥቅም ወይም የአካባቢው ፍላጎት፣ የሚጠበቀው በጎ ውጤትና የተረጋገጠ ፋይናንስ ናቸው። የውጭ ዜጎች ቢሮው የንግድ ምክር ቤቱን የመሰሉ አካላትን አስተያየት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፕላኑን አስቀድሞ ለምክር ቤቱ አማካሪ ማሳየት ብልህነት ነው። 250,000 ዩሮ ማዋልና 5 የሥራ ቦታ መፍጠር የሚለው መስፈርት በ2012 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል፣ ደላሎች ግን ዛሬም ይጠሩታል። ዕድሜው ከ45 በላይ የሆነ አመልካች በመርህ ደረጃ በቂ የጡረታ ዋስትና ማሳየት እንዳለበት ግን አይነግሩም።

ሲያርሙ «ገበያው ሰፊ ነው» የሚለውን ያውጡና ብዛት፣ ዋጋና ጊዜ የተጻፈባቸውን የደንበኞች የፍላጎት ደብዳቤዎች ያስገቡ። የመጀመሪያውን 12 ወር ገቢና ወጪ በየወሩ ይዘርዝሩ፤ የራስዎ ደመወዝ፣ የጤና መድንና ግብር ውስጡ ይኑሩ። ከዚያ ሰነዶቹን እርስ በርስ ያመሳክሩ። ፕላኑ አራት ሠራተኛ እያለ የኪራይ ውሉ ለአንድ ጠረጴዛ ከሆነ ማንም አያምነውም። ለብሪታንያ ደግሞ ሐሳቡ አዲስ፣ የሚያዋጣና የሚሰፋ መሆኑን ዕውቅና ያለው አካል ቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ተራ ሱቅ ወይም ካፌ ለማሰብ ቦታው እሱ አይደለም።

የድርሻ ክፍፍል

ስዊድን አመልካቹ የድርጅቱን ቢያንስ ግማሽ እንዲይዝ ትፈልጋለች። ሦስት ሸሪኮች እኩል ከተካፈሉ አንዳቸውም አያልፉም። መመሥረቻ ጽሑፉ ከመፈረሙ በፊት ማየት ነው፤ በኋላ ለማስተካከል ማሻሻያ ሰነድና አዲስ ምዝገባ ይጠይቃል።

ሰነዶቹ ተመለሱ

አብዛኛውን ጊዜ በፓስፖርትና በዲግሪ ላይ የስም አጻጻፍ ስለተለያየ፣ ወይም ትርጉሙ ከማረጋገጫው ስለቀደመ ነው። ዋናው ሰነድ መጀመሪያ ይረጋገጥ፣ ቀጥሎ ማኅተሙ ጭምር ይተርጎም። የስም ልዩነት ካለ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የተረጋገጠ ቃል ይያያዝ። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የአገልግሎት ጊዜው አጭር ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይውጣ።

እድሳት ላይ ተከለከለ

የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው በተስፋ ነው፣ እድሳቱ በውጤት። በብሪታንያ ዕውቅና የሰጠው አካል በ12ኛውና በ24ኛው ወር እድገቱን ይገመግማል። ስዊድንም ከመጀመሪያው የሁለት ዓመት ጊዜ በኋላ ሥራው ባለቤቱን የሚያኖር መሆኑን ታያለች። በዱባይና በሌሎች ኤምሬቶች ደግሞ ተራውን የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ከ6 ወር በላይ ከአገር ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ድርጅቱ ቢሠራም ቢተርፍም። ደረሰኝ፣ የግብር ወረቀትና ስቴትመንት በየወሩ ይቀመጡ። እድሳቱን ነባሩ ፈቃድ ሳያልቅ ያስገቡ፦ በጀርመን በጊዜው ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ የነበረው መብት ይቀጥልለታል፣ ይህንንም የሚገልጽ ጊዜያዊ ማረጋገጫ ይሰጠዋል።

ይግባኝ ወይስ አዲስ ማመልከቻ?

በፋይሉ ውስጥ የነበረ ማስረጃ ሳይታይ ከቀረ ይግባኝ ይበሉ። የይግባኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰዎት ቀን የመጨረሻውን ቀን ይመዝግቡ። ማስረጃው በእርግጥ ጎድሎ ከነበረ ግን አዲስ ማመልከቻ ይሻላል። ቅጹ «ከዚህ በፊት ተከልክለዋል?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን ይጻፉ፤ ክልከላው ቢደበቅና ቢገኝ የሚመጣው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ታማኝነት ነው፣ በአንዳንድ አገሮችም ለዓመታት ከማመልከት ያግዳል።