ኳስ የሚጫወት እድር፦ ጀርመን አዲስ ለገባችሁ

ጀርመን በገባሁ በሦስተኛው ወር ታኬታዬን በፌስታል አንጠልጥዬ አንድ ትንሽ ከተማ ሜዳ ሄድኩ። ልምምዱ ለ19 ሰዓት ነው ተብያለሁ። በእኛ ማታ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ልክ በሰዓቱ አጥሩ በር ላይ ደረስኩና በራሴ ኮራሁ። ሰዎቹ ግን ለብሰው፣ አሟሙቀው መሮጥ ጀምረዋል። እነሱ ጋ 19 ሰዓት ማለት ታኬታ አስሮ ሜዳ ላይ መቆም ነው።

ከሰፈር ያመጣኋት አብዶ ነበረችኝ። ሁለቴ ሠራች። በሦስተኛው ላይ በዕድሜ አባቴን የሚያክል ተከላካይ ኳሷንም እኔንም ጠርጎ ወሰደን። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አነሳኝና ስሜን ጠየቀኝ። ጀርመን ውስጥ ከቢሮ ሰው በቀር ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

እንዲህ ያለው የሰፈር ክለብ ፌራይን ይባላል። እድር ነው ብላችሁ ብታስቡት ነገሩ ይቀላችኋል። ሊቀመንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ በዓመት አንዴ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። ባለቤት የለውም፤ የአባላቱ ነው። ከስሙ ኋላ «ኤ ፋው» (e.V.) የሚል ካያችሁ ፍርድ ቤት የተመዘገበ ማኅበር ነው ማለት ነው፤ ለምዝገባው ቢያንስ 7 አባላት ይጠየቃሉ። ስሙ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተመሠረተበት ዓመት ነው። ሻልከ 04 የ1904 ልጅ እንደሆነው ሁሉ፣ የመንደሩም ክለብ እንደዚያው ነው። በጀርመን እግር ኳስ ማኅበር ሥር ወደ 24,000 ክለቦች ስላሉ የትም ብትመደቡ አጠገባችሁ አንድ አይጠፋም። «ፉስባል ፑንክት ዴ» (fussball.de) የሚለው የኢንተርኔት ገጽ ላይ የፖስታ ቁጥራችሁን አስገቡና ፈልጉ።

ሊጉን ብዙ አትጨነቁበት። ከቡንደስሊጋ፣ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሊግ በታች ሬጊዮናልሊጋና ኦበርሊጋ አሉ። ከዚያ ወዲያ ስሙ እንደ ክልሉ ይለያያል። አብዛኞቻችን የምንገባው ታች ክራይስሊጋ ነው። እዚያ ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ የመስመር ባንዲራውን ከየክለቡ አንድ ሰው ይይዛል። በብዙ ቦታ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት ይችላል። ለሳንባዬ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ወረቀቱን ግን ቀልድ አታድርጉት። ልምምድ ወዲያው መጀመር ትችላላችሁ፤ ለነጥብ ጨዋታ ግን ሽፒለርፓስ የሚባል የተጫዋች ፈቃድ ያስፈልጋል። ከውጭ አገር ለመጣ ሰው ፌዴሬሽኑ ከአገር ቤቱ ፌዴሬሽን ጋር ተጻጽፎ በፊት የት እንደተጫወተ ያጣራል፣ ሳምንታትም ይፈጃል። እኔ ስድስት ሳምንት አግዳሚ ወንበር ላይ ውኃ አቀበልኩ። በጥገኝነት የመጣችሁ ከሆነና ከአገር ቤት ጋር መጻጻፉ የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ለክለቡ ኃላፊ ንገሩ። ዕድሜ መቀነስማ ጭራሽ አይታሰብም።

ልጆች ያሏችሁ ይህን እንዳያመልጣችሁ። ከመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ከሆነ፣ የጥገኝነት ጠያቂዎችም ጭምር፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የክለብ መዋጮ በወር 15 ዩሮ የሚሸፍን እርዳታ አለ። «ቢልዱንግ ኡንት ታይልሃበ» ብላችሁ ጠይቁ። ትንንሽ ሴት ልጆች ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቡድን ይጫወታሉና ልጄ ብቻዋን ትሆናለች ብላችሁ አትስጉ።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። መልበሻ ክፍል ስትገቡ እየዞራችሁ ሁሉንም ጨብጡ፤ ጥግ ይዞ መቀመጥ እንደ ኩራት ይቆጠራል። ሻወሩ የጋራ ነው፣ መጋረጃም የለው፣ ሁሉም ራቁቱን ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን በውስጥ ሱሪዬ ገብቼ ከሁሉም በላይ የታየሁት እኔ ሆንኩ! ነጠላ ጫማ ያዙ። የማይሆንላችሁ ከሆነም ቤት ሄዳችሁ ታጠቡ፤ ማንም አይቆጣም።

ላረፈደ መቀጮ አለ። የቡድኑ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ በዓመቱ መጨረሻ አብራችሁ ትዝናኑበታላችሁ። ልደቱ የሆነ ሰው ደግሞ ራሱ ነው አንድ ካስተን፣ ማለትም ሙሉ ሣጥን መጠጥ፣ ይዞ የሚመጣው። ቢራ የማትጠጡ ከሆነ የፖም ጭማቂ በጋዝ ውኃ የቀላቀሉት አፕፈልሾርለ አለ። እኔ ያንን ይዤ ስሄድ መጀመሪያ ሳቁ፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ሣጥን መለሱልኝ።

የእሁዱ ነገር ያስቸግራል። ዋናው ቡድን ብዙ ጊዜ በ15 ሰዓት፣ ሁለተኛው ቡድን በ13 ሰዓት ይጫወታል። ቅዳሴ ረዘም ካለ ሁለተኛው ቡድን አመለጠ ማለት ነው። ለአሰልጣኙ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ በቡድኑ ቻት ሐሙስ ማታ «አልመጣም» ያለ ሰው ይከበራል፣ እሁድ ጠዋት የጠፋ ግን ይታወስበታል። ከጨዋታ በኋላ ቋሊማ ይጠበሳል። በጾም ወቅት ሰናፍጭና ዳቦ በልቻለሁ። አንዴ ካስረዳኋቸው በኋላ ጠባሹ ራሱ «ዛሬስ ጾም ነው?» ይለኝ ጀመር።

እድር ያልኩት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እድር ቤት መዋጮ ከፍሎ ድንኳን የማይተክል ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እዚህም ልምምድ ሲያልቅ ጎሉን ተሸክሞ ቦታው የሚመልስ፣ የክለቡ በዓል ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ቋሊማ የሚጠብስ፣ የልጆች ቡድን የሚያግዝ ሰው ይፈለጋል። ጎል አግቢነታችሁን ይረሱታል፣ ይህን አይረሱም። እግራችሁ አልታዘዝ ካለም ዳኝነት አለ። ክለቦች ዳኛ ማቅረብ ግዴታቸው ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው፤ አበልና የመንገድ ገንዘብም ይከፈላል። ጀርመንኛው ግን ለስድብ የሚበቃ መሆን አለበት፤ መስማቱን ማለቴ ነው።

ስትለቁ በጽሑፍ ነው። «ቻው» ብሎ መጥፋት አባልነቱን አያቋርጠውም። የመልቀቂያው ቀን ደንቡ ላይ ስላለ አንብቡት። ወደ ሌላ ክለብ የምትዛወሩ ከሆነ ደግሞ እስከ ጁን 30 ከተጫዋችነት መዝገቡ እንዲሰርዟችሁ አድርጉ። እኔ ከተማ ስቀይር ዕቃዬን በመኪናው ያጓጓዘልኝ ያ የጠረገኝ ተከላካይ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ገንዘብ ያዡ የግማሽ ዓመት መዋጮ ከሂሳቤ ቆረጠ። ደብዳቤውን አላስገባሁም ነበር።