መጽሐፍ ቅዱስን በስሜት ብቻ ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ለቤት የሚሰበሰብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እመራለሁ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ወጥተው በቀጥታ የሚመጡም አሉ። እወዳቸዋለሁ። ልጆቹ በየዓመቱ አዲስ ናቸው፣ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው።

አንድ ቁጥር ነጥሎ መውሰድ በጣም ያንገበግበኛል። ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ የለም። ባጃጅ ላይ ተለጥፏል፣ ስልክ ላይ አለ፣ የምርቃት ካርድ ላይ ይጻፋል። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ»። እስቲ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ውጡ። ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለወረዱ ሰዎች ነው። ቤት ሥሩ፣ አታክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ ይላቸዋል። ቶሎ አትመለሱም ማለት ነው። ያኔ 40 ዓመት የሞላው ሰው አገሩን ሳያይ እዚያው ይሞታል። ምዕራፍ 28 ላይ ደግሞ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ምርኮኞቹ ይመለሳሉ ብሎ ነበር። የሐናንያ ቃል ደስ ይላል፤ እኛም ብንኖር አሜን የምንለው ለእሱ ነበር። እውነቱ ግን ከኤርምያስ ጋር ነበር። ስንት ጊዜ የኤርምያስን ጥቅስ ይዘን የሐናንያን ስብከት ሰብከናል!

እኔም ሰብኬያለሁ። የጎረቤታችን እናት ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እጃቸውን ይዤ፣ እያለቀስኩ ይህንኑ ቁጥር አነበብኩላቸው። «እማማ፣ ዘንድሮ ይደውላል» አልኳቸው። ልቤ ስለሞላ ከጌታ የመጣ መሰለኝ። በዓመቱ ቡና ጠሩኝ። ስኒውን እያቀበሉኝ «ልጄ፣ ያ የነገርከኝ ቃል ምን ሆነ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ በየዋህነት ነው የጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጌታ ያላለውን በስሙ ተናግሬ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ሌላው «ደርቄያለሁ» ብሎ መጥፋት ነው። ሲጸልይ ካላለቀሰ እምነቱ የሞተ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው። አንዷ ሦስት ቅዳሜ ቀረችብን። ቤቷ ስንሄድ «ምንም አይሰማኝም፣ ምን ላድርግ ብዬ ልምጣ?» አለችን። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ገና መግባቷ ነበር፣ ዓይኗ ቀልቷል። 1 ነገሥት 19ን ከፈትን። ኤልያስ «ይበቃኛል» ብሎ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እሷንም ተኚ ብለናት ወጣን። መዝሙር 88ንም (በግእዙ አቆጣጠር 87) አንብቡት። ያለ ምላሽ የሚያልቅ ጸሎት ነው።

ጥርጣሬያችሁን አትደብቁ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው አባት ልጁ ተፈውሶለታል።

«ሰላም አልተሰማኝም» የሚለውን ሁሉ የእግዚአብሔር መልስ አታድርጉት። ሰዎች «የክርስቶስ ሰላም በልባችሁ ይግዛ» የሚለውን ቆላስይስ 3፥15ን ይጠቅሳሉ። ግን ከፍ ብሎ ያለው ቁጥር 13 ይቅር ተባባሉ ይላል፤ ሰላሙም በአንድ አካል የተጠራንለት የእርስ በርስ ሰላም ነው። የበደሉትን ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ሲኬድ ሆድ ይረበሻል። ቢሆንም ይኬዳል።

ብዙ ያነበቡት ልጆች ደግሞ ስሜትን ጠላት ያደርጉታል። እንባ ያዩ እንደሆነ ይጠራጠራሉ። ይሄም ስህተት ነው። ከትንሣኤው በኋላ ኢየሱስ ያገኛቸው ሁለቱ የኤማሁስ መንገደኞች ልባቸው ይቃጠል ነበር፤ የተቃጠለው ግን ኢየሱስ ከሙሴና ከነቢያት ጀምሮ መጻሕፍትን ሲከፍትላቸው ነው። ልባችሁ ሲቃጠል ምን እያነበባችሁ እንደነበር ተመልከቱ።

የፊታችን ቅዳሜ ኤርምያስ 28 እና 29 ነው። ሁለቱንም ምዕራፍ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ኑ።